ሰው አይራመዱትም

በነሶስና በር ላይ ቢጫው መብራት ከበራ ሰንብቷል። ቢጫ ማለት «ያልተዝናና ቤተሰብ» ማለት ነው። ጎረቤቶቻቸው አሳንሰር ውስጥ ሲያገኟቸው፣ በሽተኛ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምነው፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?» ይሏቸው ጀመር። በመጨረሻም የሕንፃው የመዝናኛ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ወይዘሮ ብሌን፣ ራሳቸው መጥተው በሩን አንኳኩ።

«እኛ እኮ ክፉ አስበን አይደለም» አሉ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው። «ሕንፃው ሙሉ ሰገነትን ጎብኝቷል። የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። እናንተ ስትቀሩ የሚነሳው የሁላችንም ስም ነው። ሰው እንዴት በገዛ ከተማው አይዝናናም?»

ሶስና መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ባሏ ዮፍታሔ ቀደማት። ዮፍታሔ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን «ሰው ምን ይለናል» የምትባል አለቃ አለችው፤ ዕድሜ ልኩን እሷን ሲታዘዝ ኖሯል። «እሑድ እንሄዳለን» አለ።

ልጃቸው ውብዳር ከደስታዋ ብዛት ወይዘሮ ብሌንን ሄዳ ሳመቻቸው። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ የቅድመ አያት ስም ማውጣት ፋሽን ነበርና፣ የውብዳር ክፍል በየሺመቤትና በአስካለች የተሞላ ነው። ፌቨንና ቤቲ የሚባሉት ምርኩዝ የያዙ አሮጊቶች ናቸው። የክፍሏ ልጆች ሁሉ ሰገነት ሄደው መጥተዋል፤ በእረፍት ሰዓት የሚያወሩት የሰገነትን ወሬ ነው፤ ውብዳር ግን ስታዳምጥ ብቻ ነው የከረመችው።

ሰገነት በወንዙ ላይ ከላይኛው ድልድይ እስከ ታችኛው የተዘረጋ የመስታወት መንገድ ነው። ወለሉ መስታወት፣ ግድግዳው መስታወት። ሰው በላዩ እየሄደ ከእግሩ ሥር ቁልቁል ወንዙንና ዳርቻውን ያያል፤ ከወንዙ ግራና ቀኝ ደግሞ የታችኛውን ሰፈር ያያል። እውነቱን እንናገር ከተባለ የሚመጣው ሰው ለወንዙ ብሎ አይመጣም። ውሃ የትም አለ። የሚመጣው የቆርቆሮ ቤት፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ በሯ ላይ ተቀምጣ ምስር የምትለቅም ሴት ለማየት ነው። ከተማዋ ጠቅልላ ፎቅ ከወጣች ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ አይገኝም።

ሴትየዋ የምር ሰው ናት። ምስሩም የምር ምስር ነው። ሰፈሩ ሊነሳ ሲል ለነዋሪው ሁለት ምርጫ ቀርቦለት ነበር፤ ወይ ፎቅ ወጥቶ መኖር፣ ወይ «በነባርነት» እዚያው መቅረት። የነባር ቤት አይፈርስም። በምትኩ ነባሩ ቤቱን አያድስም፣ ቆርቆሮውን አይቀይርም፣ ዘመኑን ያበላሻል ስለተባለም ስልክ አይይዝም። ሌት ተቀን ክፍት የሆነው ሰገነት በዓመት አንዴ ለጽዳት እስኪዘጋ ድረስ ከሰፈሩ አይወጣም፣ እንግዳ አያስገባም፣ ወደ ላይም አያይም። ይቺ የመጨረሻዋ ደንብ የወጣችው በመስታወቱ ላይ ለሚሄዱ ሴቶች ክብር ሲባል ነው። ታች የተወለዱ ልጆች ቁልቁል እያዩ ስለሚያድጉ አንገታቸው ሰበር ያለ ነው። አስጎብኚዎቹ ይህን «የነባሮች ትሕትና» ይሉታል። እንግዲህ ለትሕትናም ደንብ ወጥቶላታል።

ሶስና የተወለደችው እዚያ ነው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት አክስቷ ፌቨን ናት፣ ከራሷ ልጅ ከናሆም ጋር አንድ ጀርባ ላይ እያፈራረቀች አዝላ ያሳደገቻት። ሶስና እስከ ዛሬ «እቴቴ» ነው የምትላት። ምርጫው ሲመጣ ሶስና አግብታ ፎቅ ወጣች። እቴቴ ፌቨን ግን፣ «እኔ ከመሬት ከፍ ካልኩ ያጥወለውለኛል» ብላ ቀረች። ጋዜጠኞች ይህን «ለቅርስ የተከፈለ መሥዋዕትነት» ብለው ጻፉት። ሴትየዋ ያለችው ያጥወለውለኛል ነው።

ዘመድ ነባርን የሚጠይቀው ሰገነት ለጽዳት በሚዘጋበት በጳጉሜን ብቻ ነው። ባለፈው ጳጉሜን እቴቴ ፌቨን ደህና ነበረች፤ ሶስናን «ከሳሽብኝ» ብላ ስትቆጣት ነው የዋለችው። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም፤ በምን ይመጣል? ሶስና ሰገነት አልሄድም ያለችውም ለዚሁ ነው። «ያሳደገችኝን ሴት በጫማዬ ሥር አድርጌ ልዝናና?» ትለው ነበር ባሏን። እሱም «ልክ ነሽ» ይላት ነበር፣ ወይዘሮ ብሌን እስኪመጡ ድረስ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሰገነት መግቢያ ደረሱ። ጫማቸውን አውልቀው በነጭ የጨርቅ ጫማ ቀየሩ፤ በየጆሯቸውም የባቄላ ፍሬ የምታክል ማድመጫ ገባች። ደንቡ መግቢያው ላይ ይነበባል። መሮጥ ይቻላል፤ መዝለል ይቻላል፤ መሳቅ ይበረታታል። መቆምና ወደ ኋላ መመለስ ግን አይፈቀድም። ጎብኚው ብዙ ስለሆነ፣ ሰው ከቆመ ከእግሩ ሥር ያለው መስታወት «ይራመዱ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያበራበታል።

«አየሽ፣ ንጹሕ ነው እኮ» አለ ዮፍታሔ፣ ሚስቱን ለማጽናናት የሚበጅ ሌላ ነገር ስላጣ።

ንጹሕስ ንጹሕ ነው። ሦስት ፎቅ ያህል ወደ ታች ወንዙ እየጠራ ይወርዳል፤ ድንጋዮቹ ሳይቀሩ የታጠቡ ይመስላሉ። በጆሯቸው ያለችው ሴት ሞቅ ባለ ድምፅ «እንኳን ወደ ትናንት በደህና መጡ» አለቻቸው። ቀጠል አድርጋም፣ «በስተቀኝዎ የሚያዩት የጋራ የውሃ ቧንቧ ነው። የጥንት ሰዎች ውሃ ለመቅዳት መሰለፍ ይወዱ ነበር» አለች።

ይወዱ ነበር! ከዚያ ቧንቧ ጀሪካን ተሸክማ እየተጋፋች ያደገችው ሶስና፣ ይህን የጻፈውን ሰው አግኝታ አንዱን ጀሪካን ብታሸክመው ደስ ባላት። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ አለፈች። ለውብዳር ብላ ነው የመጣችው፤ ቀኑን በሰላም ልታሳልፈው ለራሷ ምላለች።

ከፊታቸው የሕፃናት ጩኸት ይሰማል። «ተራመድኩት! እኔም ተራመድኩት!» የሰገነት ጨዋታ ነው። ከታች ሰው ሲያልፍ ወይም ሲቀመጥ፣ ልጆቹ ሮጠው በላዩ ይዘላሉ፤ ቀድሞ የተራመደ ያሸንፋል። ውብዳርም ወሬውን ከትምህርት ቤት ስለምታውቅ ሳትውል ሳታድር ገባችበት። ታች ወንዙ ዳር አንዲት እናት አንገቷን ደፍታ ሕፃን ልጇን በሳፋ ታጥባለች። ውብዳር ቀሚሷን ሰብስባ ዘለለች።

«እማ፣ ማሙሽዬን ተራመድኩት!»

«ነይ ወዲህ!» አለች ሶስና። ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት። «መልሺ!»

«ምኑን?»

«ተመልሰሽ ተራመጂው። ሰው አይራመዱትም። የተራመዱት ልጅ አያድግም። የተራመደ ሰው በሄደበት መመለስ አለበት።»

«መስታወት አለ እኮ፣ እማ።»

«መስታወት ቢኖርስ?»

ውብዳር አባቷን አየችው። አባቷ ከኋላ የሚመጣውን ሰው አየ። «በይ ቶሎ መልሺና እንሂድ» አላት። ልጅቷ ወደ ኋላ ዘለለች፤ መስታወቱ ከእግሯ ሥር ቀይ በራ፤ ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ። ሶስና ይህን ነገር ከልቧ ታምንበት እንደሆነ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ወለል ላይ ተጋድመው ሲጫወቱ ማንም በላያቸው እንዳያልፍ ስትከላከል የኖረችው እቴቴ ናት። የተራመዳቸውን ሰው፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ «በል መልስ!» ትለው ነበር።

ከቧንቧው እልፍ እንዳሉ፣ ታች፣ ጎልማሳ ሰው ጡሩምባ ይዞ ቆሞ አዩ። ሰውየው ጡሩምባውን ወደ አፉ አስጠግቶ ጉንጩን ነፋ። ላይ ምንም አይሰማም፤ መስታወቱ የታች ድምፅ እንዳያሳልፍ ሆኖ ነው የተሠራው።

«ይህ ጡሩምባ የሚባል ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያ ነው» አለች በጆሯቸው ያለችው ሴት። «የጥንት ሰዎች በደስታ ቀን ይጫወቱበት ነበር። ሊያጨበጭቡለት ይችላሉ።»

ሰው አጨበጨበ። ሶስና ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ዮፍታሔ፣ የእድር ጡሩምባ ነው» አለች። «ሰው ሞቷል። ለቀብር እየጠራ ነው!»

ዮፍታሔ ፎቅ ተወልዶ ፎቅ ያደገ ነው። እነሱ ዘንድ እድር ስልክ ላይ የምትመጣ አንዲት መልእክት ከሆነች ቆይታለች። «እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

ሰውየው ጡሩምባውን አውርዶ የሟቹን ስም ይጠራል። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል፤ ስሙ አይሰማም። ሶስና ማድመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ጣለች። ያም አልጠቀማትም። ታች ያሉት ሰዎች ሥራቸውን እየተዉ፣ እጃቸውን በልብሳቸው እየጠረጉ፣ አንገታቸውን እንደደፉ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ጀመሩ። እሷም ከላይ ተከተለቻቸው። በየሰዉ መካከል እየተሹለከለከች ሄደች። ሰዎቹ ድንኳን ወደተተከለበት ቤት ደረሱ፤ እሷም ከላይ በትይዩው ደረሰች። በሩን አወቀችው። ሰማያዊ ቀለሙን ልጅ ሳሉ እሷና ናሆም ናቸው የቀቡት፤ ማደስ ስለተከለከለ እንደተላጠ ቀርቷል።

ሣጥኑ ወጣ። ከኋላው ናሆም ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየደቃ ወጣ። ሲያለቅስም ቁልቁል ነው የሚያለቅሰው። እናቱ ሞታ እንኳ ቀና አላለም።

«እቴቴ ናት» አለች ሶስና። እንባዋ ቶሎ አልመጣም፤ የቀደመው ንዴት ነው። ሰው ሁሉ ያጨበጨበው ለእቴቴ መርዶ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ነው፤ መንገዱም በሰገነት ሥር ያልፋል። ሣጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ቁልቁለቱን ወርደው ወደ መስታወቱ ሥር ሲቃረቡ፣ ማድመጫዋን ያላወለቀችው ውብዳር ቀና ብላ፣ «እማ፣ ዛሬ ዕድለኞች ናችሁ እያለች ነው። ቀብር ሁልጊዜ አይገኝም አለች» አለቻት።

ልጆቹ አዲስ ነገር አገኙ። «እኔ ነኝ የምራመደው! እኔ!» እያሉ ተንጋግተው መጡ። አንዱ ዘለለ። «ሣጥኑን ተራመድኩት!» ወላጆቹ ሳቁ።

ውብዳር ከልጆቹ ጋር አልሄደችም። የእናቷን እጅ ያዘች። «እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «የሞተ ሰው ሲራመዱትስ ምን ይሆናል?»

እቴቴ ይህን ለሶስና አላስተማረቻትም። ሰው እዚህ ድረስ ይደርሳል ብላ አላሰበችማ!

ከእግሯ ሥር «ይራመዱ» በራ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ሣጥኑ ከመስታወቱ ሥር ሊገባ ነው፤ አንድ እርምጃ ብትሄድ በእቴቴ ላይ ናት። ደረቱ ላይ «ሽብሩ» የሚል ስም የለጠፈ አስተናጋጅ ወደ እሷ መጣ። ወጣት ነው፤ ፈገግታው ከደንብ ልብሱ ጋር አብሮ የታደለው ይመስላል።

«እናቴ፣ እባክዎ ይራመዱ» አላት።

«ማንን ነው የምራመደው?»

«ይቅርታ?»

«ማንን ተራመጂ ነው የምትለኝ? ያቺ አክስቴ ናት! ያሳደገችኝ ናት! በላይዋ ተራመጂ ነው የምትለኝ?»

ሽብሩ ፈገግታውን የት እንደሚያደርሰው ጨነቀው። «እናቴ፣ ትርኢት ነው እኮ። ነባሮች እንዲህ ያለ ነገር ያሳያሉ።»

«ትርኢት? ልጇ ደረቱን ሲደቃ አታይም? ጠይቅ። አለቆችህን ጠይቃቸው እስቲ!»

ሽብሩ በጆሮው ባለው መነጋገሪያ ጠየቀ። አዳመጠ። ፈገግታው ወረደ።

«እውነት ነው ብለዋል» አለ። «ድርጅታችን ሐዘንዎን ይጋራል። ካስከፋዎት መስታወቱን ማደብዘዝ እንችላለን። ነጭ ይሆናል፤ ምንም ነገር አይታይዎትም።»

«ማየቴ መሰለህ የከፋኝ? ልውረድ! አውርደኝና ልቅበራት።»

«ታች መውረድ በጳጉሜን ነው፣ እናቴ።»

«የምትቀበረው ዛሬ ነው!»

«ይገባኛል። ለጳጉሜን ቀደም ብለው ተራ ከያዙ…»

«ሞት ጳጉሜንን ጠብቆ ይመጣል እንዴ?» ጮኸች ሶስና። «በዚህ አገር ደመኛ እንኳ ለቅሶ ይደራረሳል! ያሳደገችኝን ሴት ለመቅበር እኔ ተራ ልያዝ?»

ዮፍታሔ ክንዷን ያዝ አደረገ። «ሶስዬ፣ ሰው እያየን ነው» አላት በሹክሹክታ።

«ይየና! እኛስ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ስናይ አይደል እንዴ የዋልነው?»

ዮፍታሔ እጁን ለቀቀ። ከኋላው ሰው ተጠራቅሟል። ግማሹ ያጉረመርማል፤ ግማሹ ይህም የጉብኝቱ ክፍል መስሎት ይመለከታል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ወደፊት መጡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ለቅሶ ነው እንዴ ልጄ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ምንሽ ናት?»

«እናቴ» አለች ሶስና። ቅድም አክስቴ ብላ ነበር፤ አሁን ግን አፏ እንቢ አላት።

«እግዜር ያጥናሽ። ነፍስ ይማር» አሉ ሽማግሌው። ኮፍያቸውን በደረታቸው ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ይህን ቃል አበሻ ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ የቱንም ያህል ፎቅ ቢወጣ። አጠገባቸው የነበረች ሴት የልጇን እጅ ይዛ «እግዜር ያጥናሽ» አለች። ከኋላዋ ያለውም አለ። ከእሱ ኋላ ያሉትም፣ ማን እንደሞተ ሳያውቁ፣ «ምንድን ነው?» «ለቅሶ ነው» እየተባባሉ ቆሙ። ሳቁም ጨዋታውም ቀረ። በቆመው ሰው እግር ሥር ሁሉ «ይራመዱ» በራ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰገነት ቀላ፤ የሚራመድ ግን ጠፋ።

የሶስና እንባ ያኔ መጣ። ሰው ዛሬም ሰው ነው ብላ አሰበች። ቢያንስ ይህን ለእቴቴ አድርጌላታለሁ ብላ አሰበች።

ቀዩ ብርሃን ታች በቀብሩ መንገድ ላይ ወደቀ። ሣጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ልክ ከሥራቸው ሲደርሱ ግራ ተጋብተው ቆሙ። ናሆም ቀና አለ። ክልክል ነው፤ ያም ሆኖ ቀና አለ። አንገቱ በአንድ ጊዜ አልታዘዘለትም፤ እያመመው ቀስ በቀስ ነው የተቃናው። ሶስና እጇን አውለበለበችለት።

ናሆም አላወቃትም። ፊቱ ተለወጠ። አፉን ከፍቶ ጮኸ፤ ምን እንዳለ አይሰማም፣ የደም ሥሩ ሲገተር ግን ይታያል። እጁን «ወዲያ! ወዲያ!» እያለ አወናጨፈ። ከዚያ ነጠላውን ከትከሻው ገፎ በሣጥኑ ላይ ዘረጋው፤ በላዩም በሁለት ክንዱ ተደፋበት። ሰው ከዝናብ ወይም ከድንጋይ ነው እንዲህ አድርጎ የሚከላከለው።

ሶስና ወደ እግሯ አየች። ነጭ የጨርቅ ጫማ። አጠገቧ የሽማግሌው ነጭ ጫማ፤ ከዚያ የሴትየዋ፣ ከዚያ የልጇ፣ ከዚያ የሁሉም። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ፊት አይታየውም። ኮፍያ ማውለቅ አይታየውም፤ «እግዜር ያጥናሽ» አይሰማውም። የሚታየው ሶል ብቻ ነው። እስከ አሁን የሚያልፍ ሶል ነበር፤ አሁን ደግሞ ተደርድሮ በእናቱ ላይ ቆሟል።

«ወይኔ» አለች ሶስና። «ቆመንባታል እኮ!»

በግንባሯ ተደፋች። መርዶ ሲነገራት መሬት የምትወድቅ ሴት አይታ ታውቃለች፤ እሷ ግን ወድቃ አታውቅም። መዳፏንና ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ «እቴቴ! እቴቴ!» እያለች ጮኸች። ትንፋሿ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በእጅጌዋ ትጠርጋለች፤ እንደገና ይደበዝዛል፤ እንደገና ትጠርጋለች።

ናሆም ከሣጥኑ ላይ ቀና አለ። ዓይኑን አጥብቦ አየ። ከዚያ ሁሉ ሶል መካከል አንድ ፊት አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ባይኖረውም ስሟን ሲጠራ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ከዚያም ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ እነሱም ጸሎት ሊደረስ ሲል እንደሚደረገው ሣጥኑን ልክ ከእሷ በታች አወረዱት። የታችኛው ሰፈር ሰው አንድ በአንድ አንገቱን አቀና።

ላይ ደግሞ ውብዳር ከእናቷ ጎን በሆዷ ተኛች። ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ተንበረከኩ። ሴትየዋ ልጇን አስተኝታ እሷም ተደፋች። ዮፍታሔ ግራና ቀኝ ተመለከተ። «ሰው ምን ይለናል» እንዳይል፣ ቆሞ የሚያየው ሰው እያለቀ ነበር። እሱም ተንበረከከና ፊቱን ለመስታወቱ ሰጠ። ሶስና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏ ሲያለቅስ አየችው።

«እማ፣ ከወዲያ በኩል እየነጣ ነው» አለች ውብዳር።

ማደብዘዝ ጀምረዋል። ነጩ ከታችኛው ድልድይ በኩል መስታወቱን እየሸፈነ መጣ። ቧንቧውን ወሰደው፤ ድንኳኑን ወሰደው፤ የተላጠውን ሰማያዊ በር ወሰደው። ናሆም ገና ቀና እንዳለ ነው። ሶስና ዓይኗን ሳትነቅል አየችው፤ እሱንም ወሰደው። ሣጥኑ ላይ የተዘረጋው ነጠላ ከነጩ ጋር ስለተመሳሰለ መቼ እንደጠፋ እንኳ በውል አላየችም።

ሰው እየተነሳ፣ ጉልበቱን እያራገፈ፣ ግራ ገብቶት ቆመ። ማድመጫቸውን ያላወለቁት አንድ ነገር ሰምተው መሆን አለበት፣ አንገታቸውን እየደፉ ወደ መውጫው መሄድ ጀመሩ። ሽብሩ ተመልሶ መጣ። አሁን ፈገግ አላለም።

«እናቴ፣ አሁን ምንም አይታይም» አለ። «መነሳት ይችላሉ። እባክዎ ይራመዱ።»

ሶስና ተነሳች፤ ግን ለመሄድ አይደለም። የአንገት ልብሷን ገልብጣ ለበሰችና ነጩ ወለል ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። ውብዳር ተጠጋቻት። ዮፍታሔም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ከጎኗ ተቀመጠ።

«አልራመድም» አለች ሶስና። ድምፅዋ ጩኸቱን ጨርሷል። «ለቅሶ ተቀምጫለሁ። አንተም ከመጣህ ቁጭ በል። ለቅሶ ቤት ቆመው አያወሩም።»

ሽብሩ አልተንቀሳቀሰም። ከጆሮው የአለቆቹ ድምፅ እስከ እሷ ድረስ ይንጫጫል። ከእግሩ ሥር «ይራመዱ» በራበት። ቀዩን ጽሑፍ አየ፤ ሴትየዋን አየ። ከዚያ መነጋገሪያውን አውጥቶ ኪሱ ከተተና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

ወጣቱ ምን እንደሚባል ጨንቆት ይመስላል፣ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ከሄደበት ለቅሶ የሰማውን፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን፣ ሐዘንተኛ ሁሉ የሚመልሰውን ጠየቃት።

«ታመው ነበር?»

ሶስና ልትመልስለት አፏን ከፈተች።

«አላውቅም» አለች። «ማን ነግሮኝ!»